ሳይቆጥር የሚያስረክብ መጋዘን፦ የአገልግሎት ማገናኛ ሶፍትዌሮችና የደህንነት ክፍተቶቻቸው

ሸዋሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በይፋት ቆላ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። አንድ ነጋዴ ከአካባቢው ገበሬ ሽንኩርት ወይም ማሾ ገዝቶ ዋጋውን በሞባይል ስልኩ ሲልክ ገንዘቡ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ይዛወራል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለው ክፍያ በአገራችን እየተስፋፋ መጥቷል። ለመሆኑ በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ ምን ይከናወናል? ስህተትስ በየት በኩል ሊገባ ይችላል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ለተጠቃሚው አንድ መስሎ የሚታየው አገልግሎት በአብዛኛው የበርካታ ፕሮግራሞች ስብስብ ነው። አንዱ የይለፍ ቃሉን ያረጋግጣል፤ ሁለተኛው ቀሪ ሂሳቡን ይመለከታል፤ ሦስተኛው ዝውውሩን ይመዘግባል፤ አራተኛው አጭር መልእክት ይልካል። እነዚህ ፕሮግራሞች በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ሲሆኑ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኔትወርክ አማካይነት ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ዘወትር መመለስ አለባቸው፦ ጠያቂው ማን ነው? ለጠየቀው ነገር ፈቃድ አለውን? የላከው መረጃስ ልክ ነውን? ከሦስቱ አንዱ ሳይጠየቅ ከታለፈ የደህንነት ክፍተት ተፈጠረ ማለት ነው።

በሦስተኛው ጥያቄ እንጀምር። አንድ ገበሬ 1 ኬሻ ማሾ መጋዘን አስገብቶ በደረሰኙ ላይ «64 ኬሻ» ብሎ ቢጽፍ፣ መጋዘን ጠባቂውም ሳይቆጥር በደረሰኙ መሠረት ቢያስረክብ፣ 63ቱ ኬሻ የሌሎች ገበሬዎች ንብረት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው «ሃርትብሊድ» የተባለው ክፍተት በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነበር። ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር፣ የተላከለትን አጭር መልእክት መልሶ እንዲልክ ሲጠየቅ፣ ጠያቂው የጠቀሰውን ርዝመት ከእውነተኛው ርዝመት ጋር አያመሳክርም ነበር። ስለዚህ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሰርቨሩን የማስታወሻ ይዘት፣ የይለፍ ቃሎችንና የምስጠራ ቁልፎችን ጭምር፣ አሳልፎ ሊሰጥ ይችል ነበር። ስህተቱ ሳይታወቅ 2 ዓመት ያህል ቆይቷል።

ሁለተኛው ዓይነት ክፍተት ከጊዜ ቅደም ተከተል ይመነጫል። በአንድ ሂሳብ ውስጥ 1,000 ብር አለ እንበል። ሁለት የ800 ብር የወጪ ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት ቢደርሱና ሁለቱም ሂሳቡን የተመለከቱት አንደኛው ወጪ ከመመዝገቡ በፊት ቢሆን፣ እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ያገኛሉ። ሁለቱም ይፈቀዳሉ፤ 1,600 ብርም ይወጣል። መፍትሔው ማየትንና መመዝገብን የማይነጣጠል አንድ ተግባር ማድረግ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ እስኪጠናቀቅ ድረስ ሁለተኛው ይጠብቃል።

ጉዳት ለማድረስ ግን የግድ አጥቂ አያስፈልግም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሂሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣት ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ ከራሱ የሲስተም ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታውቋል። አለአግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበረና አብዛኛው እንደተመለሰም ገልጿል። ከዚህ የምንማረው፣ ሥርዓቱ በሚሻሻልበትና በሚፈተሽበት ሰዓት የቁጥጥሩ ሰንሰለት ለአፍታም ቢሆን መላላት እንደሌለበት ነው።

እንግዲህ ጥበቃው በምን ይጠናከራል? አንደኛ፣ በውስጥ ኔትወርክ ያለ አገልግሎት ሁሉ ታማኝ ነው ብሎ አለመገመት፤ እያንዳንዱ በዲጂታል የምስክር ወረቀት ማንነቱን ያረጋግጥ። ሁለተኛ፣ በግልጽ ያልተፈቀደ ሁሉ እንደተከለከለ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ አምራቾች ክፍተት የሚደፍኑ ማሻሻያዎችን ሲያወጡ ሳይዘገዩ መጫን፤ ክፍተቱ ይፋ በሆነ ማግስት አጥቂዎችም ያውቁታልና። አራተኛ፣ ቁጥጥሩ ሲቋረጥ አገልግሎቱ ይቁም እንጂ ያለ ቁጥጥር አይቀጥል። በዚህ ምክንያት የሸዋሮቢቱ ነጋዴ ለአንድ ሰዓት ያህል ክፍያ መላክ ቢያቅተው ይቸገራል፤ ሂሳቡ ቢዛባ ግን ጉዳቱ ለእርሱም ለገበሬውም የከፋ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን እውቀት በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። ያለ ፈቃድ የሌላውን ሥርዓት መድፈር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።

መልመጃ፦ ከላይ በተጠቀሰው የ1,000 ብር ምሳሌ ሦስት የ400 ብር ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ቢደርሱ፣ ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅና ሳይጠበቅ ምን ያህል ብር ይወጣል? ልዩነቱንስ ማን ይከፍላል?