የአባት ወዳጅ ደጅ

 

አባቴ (አላህ ይዘንላቸው) በጉልምስናቸው ከአርባ ምንጭ ሙዝ በሚጭን መኪና ላይ ሠርተዋል። ያኔ አብሯቸው የነበረ ወዳጃቸው ሲቀላ ይኖራሉ። አባቴ ከሞቱ በኋላ «እንዘይራቸው» እያልን ሦስት ዓመት አለፈ። ሰበባችን አንድ ነበር፤ መንገዱ ሩቅ፣ ልጆቹ ትንንሽ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን ልጅ ኡማማን ተሸክመው መስገዳቸውን እያወቅን ማለት ነው።

አሁን የዐብደላህ ኢብኑ ዑመርን (ረ.ዐ) ነገር ተመልከቱ። ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ወደ መካ ሲጓዙ ግመሉ ሲሰለቻቸው የሚያርፉበት አህያና ራሳቸው ላይ የሚጠመጥሙት ጥምጣም ነበራቸው። መንገድ ላይ አንድ የበረሃ ሰው አገኙ። የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ አህያውንም ጥምጣሙንም ሰጡት። አብረዋቸው የነበሩት ተገረሙ፤ ራስዎ የሚገለገሉበትን? ምክንያቱ ይህ ነበር፦ የሰውየው አባት የዑመር ወዳጅ ነበሩ። አባት ካለፈ በኋላ የአባትን ወዳጅ መቀጠል ከበጎ ሥራ ሁሉ በላጩ እንደሆነ ደግሞ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተዋል። ልብ በሉ፣ ዑመር በዚያን ጊዜ በሕይወት የሉም። ልጃቸው ግን ለአባታቸው በጎ መዋል አላቆሙም።

ሐሙስ ፈጅርን ሰግደን፣ የጉዞ ዱዓ አድርገን ከአዲስ አበባ ወጣን። ቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትንሿ ሁለት ጊዜ አስመለሳት፤ ትልቁ «ደረስን ወይ?» ማለቱን አላቆመም። ሶዶ ላይ ዙህርንና ዐስርን አጣምረን ሁለት ሁለት ረከዓ ስንሰግድ «አባዬ፣ ቀነስከው እንዴ?» አለኝ። አላህ ለመንገደኛ የሰጠው ስጦታ ነው፣ ስጦታ ደግሞ ይቀበሉታል አልኩት። መግሪብ ግን ሦስት መሆኑን አይለቅም። ከሶዶ ወዲያ አባያ ሐይቅ በግራችን ታየ። ውሃው ቀላ ያለ ነውና ልጆቹ «ሻይ ነው!» ብለው ተሳሳቁ።

ሲቀላ ስንደርስ ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ዐይናቸው ደክሟል። የልጄን ራስ እየዳበሱ የአባቴን ስም ጠሩ። ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ፦ «አባቴ ዕዳ ነበረባቸው?» የሙእሚን ነፍስ ዕዳዋ እስኪከፈል በዕዳዋ የታሰረች መሆኗን የሚናገረውን ሐዲስ ስንቴ ሰምቼዋለሁ!

ዝም አሉ። ከዚያ «ነበረ» አሉኝ። «መኪናው ሲበላሽ የሰጠሁት ገንዘብ ነው። ሞቱን በሰማሁ ዕለት አፉ ብያለሁ። ይህንን ልነግራችሁ ፈልጌ ቁጥራችሁ ጠፋብኝ።»

ልክፈል ብላቸው እምቢ አሉ። ከግቢያቸው ማንጎ አስለቅመው ለልጆቹ ሰጡ። በማግስቱ እጃቸውን ይዤ ጁሙዓ አብረን ሰገድን። እንግድነት ሦስት ቀን ነው፤ እኛ ሁለት ሌሊት አድረን ተመለስን። ስልክ ቁጥራቸውን በእኔም በባለቤቴም ስልክ ላይ መዝግበነዋል።