ጉዳት፣ ጥፋት፣ ኃላፊነት

አንዲት እናት ከገበያ ስትመለስ ሚኒባስ ገጭቷት እግሯ ተሰበረ እንበል። ሰው ይከባታል። አንዱ «ጥፋቱ የሾፌሩ ነው» ሲል ሌላው «እሷ ናት ዘላ የገባችበት» ይላል። ይህ ክርክር ቦታ አለው፤ ቦታው ግን አስፋልቱ አይደለም። ስለዚህ ከሰውነቷ እንጀምር።

የተጎዳ ሰው ሌላ መኪና የሚያሰጋው ካልሆነ በቀር ካለበት አይነሣ፤ አንገቱ ወይም ጀርባው ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና። የሚደማውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 መደወል ይገባል። የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና ማግኘት መብቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለዚህ እስከ 2,000 ብር ወስኗል፤ የገጨው መኪና ቢሰወር ወይም መድን ባይኖረው ደግሞ የመድን ፈንድ አለ።

ስለ ወጌሻ ጥቂት ልቆይ። የወጌሻን ሙያ አልንቅም። ሆኖም ስብራት በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም ሊቋረጥ ይችላል። ከእስሩ በታች ያሉትን ጣቶች ይመልከቱ፤ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሲነኩ ከደነዘዙ እስሩ ሳያድር ይፈታ፣ ሰውየውም ወዲያው ሆስፒታል ይድረስ። በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ።

አሁን ወደ ሦስቱ ቃላት እንምጣ። ጉዳት ማለት በአካል፣ በንብረት ወይም በገቢ ላይ የደረሰ ጉድለት ነው። ጥፋት ማለት የማይገባውን ማድረግ ወይም የሚገባውን መተው ነው። ኃላፊነት ማለት ደግሞ ጉዳቱን የመካስ ግዴታ ነው። ብዙዎቻችን «ሾፌሩ ካላጠፋ ካሳ የለም» እንላለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 2081 ሌላ ነገር ያስተምረናል፦ የመኪናው ባለንብረት፣ ራሱ ምንም ባያጠፋ፣ መኪናውን ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ ቢነዳው እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። የተጎጂዋ ጥፋትም ይታያል፤ ጉዳቱ በከፊል ከእሷ የመጣ ከሆነ ካሳው ሊቀንስ ይችላል። እንግዲህ ጥፋት ሳይኖር ኃላፊነት ሊኖር እንደሚችል ተረድተናል።

ይህን የካሳ መብት የሚያጸናው ማስረጃ ነው። የመኪናው ታርጋ ይያዝ፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ያንሣ፣ የምስክሮች ስልክ ይመዝገብ፤ የሐኪም ማስረጃና የመድኃኒት ደረሰኝ አንድም ሳይጣል ይቀመጥ። ይርጋም አለ፤ ይርጋ ማለት መብትን ለመጠየቅ ሕግ የወሰነው ጊዜ ነው። ለካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ አድራጎቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል።

የሚቀረን ልዩነት ከሁሉ የሚከብደው ነው። ይቅርታ ማለት ቂምን መተው ነው፤ ካሳ ማለት የጎደለውን መሙላት ነው። ሽማግሌዎች ወደ አልጋዋ መጥተው «ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ብለሽ ተይለት» ሲሏት እውነት ይናገራሉ፤ ቂም ለእሷም ሸክም ነውና። አብሮ የሚቀርብላት ወረቀት ላይ ግን «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል ሊኖር ይችላል። ክርክርን ለመጨረስ የተደረገ ስምምነት በሕጋችን እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናል፤ ሽማግሌዎቹ በመጡበት ቀን ደግሞ አጥንቱ ይጋጠም፣ ዳግም ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ ገና አልታወቀም። በአክብሮት እንዲህ ልትላቸው ትችላለች፦ «አባቶቼ፣ እኔ ከልቤ ይቅር ብያለሁ። ወረቀቱን ግን ሐኪሙ ስለ እግሬ የሚለውን ከሰማሁ በኋላ ልጄ ያንብብልኝና እንነጋገርበት።»