የሻገተው በርበሬያችን

ጥያቄ፦ በክረምቱ ጓሯችን የተከልነውን በርበሬ በኅዳር ለቅመን መሬት ላይ አሰጣነው፤ ከዚያም በላስቲክ ከረጢት ቋጠርነው። በወሩ ስንከፍተው ሻግቷል። አምሰን ብናስፈጨው ችግር አለው?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የልፋታችሁ ፍሬ በመበላሸቱ አዝነናል። የበርበሬ ቆዳ ቶሎ ይደርቃል፤ በዘሩና በአናቱ ግን እርጥበት ይቆያል። ላስቲክ ውስጥ ሲታፈን ይሻግታል።

ለወደፊቱ የተበሳውንና የቆሰለውን ለይተው፣ ደህናውን ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ሳይደራረብ ያስጡት። ቀን ያገላብጡት፤ ማታ ከጤዛ ያስገቡት። ሲነቀንቁት ዘሩ ከተንኳኳ፣ ሲጨብጡት ከተሰባበረ ደርቋል። ከቀዘቀዘ በኋላ አየር በሚያስገባ ጆንያ አድርገው እንጨት ላይ ያስቀምጡት።

ፍሬው ገና ተክሉ ላይ ሳለ የሰረጎደ ጥቁር ጠባሳ ካወጣ ግን ምክንያቱ የተክል በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ናሙና ይዘው የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ።

የሻገተ በርበሬ ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖረው ይችላል። መርዙ በማመስም ሆነ በመፍጨት አይጠፋም። ስለዚህ ቢያሳዝንም ያስወግዱት፤ ለከብትም ለዶሮም አይስጡት።