ነጭና ደረቅ የወይን ጠጅ ለመሥዋዕተ ቅዳሴ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመጨረሻው ራት በጽዋ ያቀረበው የወይን ፍሬ ነው (ሉቃ. 22፥17-20)። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ቀኖና ሕግ በቁጥር 924፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ሕግም በቁጥር 706፣ ለመሥዋዕት የሚቀርበው ወይን ተፈጥሮአዊ፣ ከወይን ፍሬ የተገኘና ያልተበላሸ እንዲሆን ያዝዛሉ። ቀይ ወይም ነጭ፣ ጣፋጭ ወይም ደረቅ ይሁን ብለው ግን አይወስኑም። በምዕራቡ ዓለም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ነጩን የሚመርጡት የጽዋውን መጥረጊያ ጨርቅ ስለማያቀልም ነው።

ደረቅ ወይን ምንድን ነው?

የወይን ጭማቂ ሲፈላ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ስኳሩ ከሞላ ጎደል ሲያልቅ ወይኑ «ደረቅ» ይባላል። ነጭ ወይን ለመሥራት ደግሞ ፍሬው ተጨምቆ ጭማቂው ከመፍላቱ በፊት ከልጣጩ ይለያል።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነን በቤተ ልሔም አቅራቢያ፣ በቤት ጃላ አጠገብ የሚገኘው የክሬሚዛን ገዳም ነው። የሳሌዢያን ማኅበር የሆነው ይህ አነስተኛ የወይን መጥመቂያ እ.ኤ.አ. በ1885 ተመሠረተ። ሐምዳኒና ጀንደሊ ከተባሉ የአገሩ ነጭ የወይን ዓይነቶች ቀለል ያለ፣ ደረቅና ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ ወይን ይጠመቅበታል።

ጎምዛዛ ሁሉ ሆምጣጤ አይደለም

ጣፋጭ ወይን የለመደ ሰው እንዲህ ያለውን ሲቀምስ ተበላሽቷል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ጎምዛዛነቱ ከፍሬው ከራሱ የመጣ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ጥቂት በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማሽተት ይገባል። ጤናማው ወይን የፍራፍሬ መዓዛ አለው፤ ጎምዛዛነቱም የሚታወቀው በምላስ ነው። ሆምጣጤ የሆነው ግን ገና ሳይቀመስ አፍንጫን ይወጋል። እንዲህ የሆነው ወይን ወይንነቱን አጥቷልና ቅዳሴ ሊቀደስበት አይችልም። ካህን አልፎ አልፎ በሚደርስበት ሩቅ ጸሎት ቤት ደግሞ ይህ ምእመናንን ያለ ቅዱስ ቁርባን ያስቀራል።

የካቴኪስቱ ኃላፊነት

ወይንን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጡት ተሕዋስያን አየር ይፈልጋሉ፤ ሙቀትም ያፋጥናቸዋል። ስኳሩና አልኮሉ አነስተኛ የሆነ ደረቅ ወይን ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ፦

1. ምእመናኑ ጥቂት በሆኑበት ስፍራ ትንንሽ ጠርሙስ ይመረጥ።
2. የተከፈተው በሚገባ ተከድኖ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ።
3. የቆየ ትራፊ በአዲስ ወይን ላይ አይጨመር።
4. ጣዕሙን ለማለስለስ ተብሎ ስኳር ወይም ማር አይቀላቀልበት። ካህኑ በጽዋው ውስጥ የሚጨምረው ጥቂት ውሃ ግን ራሷ ቤተ ክርስቲያን የደነገገችው ነው።
5. ከቅዳሴው ዕለት አስቀድሞ ይፈተሽ።

ውድ ካቴኪስቶች፣ ጠርሙሱን መጠበቅ ትንሽ ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጌታ ደሙ አድርጎ የሚሰጠን በእናንተ እጅ የተጠበቀውን ይህንኑ የወይን ፍሬ ነው።

ለውይይት

1. ቀኖና ሕግ ስለ ወይኑ የሚያዝዘው ምንድን ነው? ለምርጫ የተወውስ?
2. በቁምስናችን ወይኑ የት ይቀመጣል? የሚፈትሸውስ ማን ነው?