ስብሰባን ድግስ የሚያሰኘው ምንድር ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ ምእመናን፣ በስደት በምንኖርበት አገር ቅዳሜና እሑድ ከአንዱ ግብዣ ወደ ሌላው የምንሮጥባቸው ቀኖች ከሆኑ ቆይተዋል። ክርስትና፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ሠርግ፣ ማኅበር፣ ዝክር፣ ተዝካር፤ ለሁሉም አዳራሽ ይያዛል፣ እንጀራ ይታዘዛል፣ ወጥ ይሠራል። ከዚህ ሁሉ ሲመለስ ግን «ሄደን በላን፤ ድግስስ አልነበረም» የሚል አይጠፋም። ይህ አነጋገር ወቀሳ ብቻ ቢመስልም ቁም ነገር ያለው ጥያቄ በውስጡ ይዟል። ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው በመብላታቸው ብቻ ድግስ ሆነ ይባላልን? በዚህ እትም ትምህርታችን ይህንኑ እንመረምራለን።

አስቀድመን ብዙዎች የሚሰጡትን መልስ እንመልከት። ድግስን ድግስ የሚያደርገው ምግቡ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ በዐቢይ ጾም የዋለ ማኅበር ሥጋም ቅቤም ሳይቀርብበት፣ በሽሮ፣ በስልጆና በሱፍ ፍትፍት ብቻ ተበልቶ፣ በፋሲካ ከሚደረገው ያላነሰ ደስታ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። የሰው ብዛት ነው የሚሉም አሉ። ነገር ግን የለቅሶ ድንኳን ከሠርግ ድንኳን ያነሰ ሰው አይገባበትም፤ ያው ጎረቤት፣ ያው እድርተኛ፣ ያው የእድር ድስትና ሰሐን ነው። ልዩነቱ ምግቡ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። በለቅሶ ቤት ኀዘንተኛው እሳት አያነድም፤ ጎረቤት ከየቤቱ ይዞ መጥቶ እርሱን ያጎርሰዋል። በድግስ ቤት ደግሞ ባለቤቱ ጌሾውን ወቅጦ፣ ጠላውን ጠንስሶ፣ ስንት ሌሊት ሳይተኛ እንግዳውን ያበላል። እንግዲህ ማን ለማን ተሰናዳ፣ ማንስ ማንን አሰበ የሚለው ከማዕዱ ዓይነት ይልቅ ለስብሰባው ስም ይሰጠዋል ማለት ነው።

በአገራችን ታሪክ «ግብር» የሚለው ቃል ለሁለት ነገር መዋሉን አንባብያን ያስታውሳሉ። ገበሬው ለመንግሥት ግብር ይገብራል፤ ንጉሡም በአዳራሹ ግብር ያበላል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸው በሺሕ የሚቈጠር ሰው ሲያበሉ አገባቡ በማዕርግ ነበር፤ መኳንንቱ አስቀድመው ይቀመጣሉ፣ ተራው ወታደር ከእነርሱ በኋላ በተራው ይገባል። ታላቅ ግብዣ መሆኑን ማንም አይክድም፤ የራበውም በዚያ ጠግቧል። ማን ከማን በላይ እንደ ሆነ ለዓይን ማሳየትም ግን ከሥራዎቹ አንዱ ነበር። ዛሬ በየአዳራሹ ከፊት ለፊት ተሸልሞ የምናየው የክብር እንግዶች ጠረጴዛ የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ጥያቄውን ከሁሉ ይልቅ በግልጥ ያነሣው ቅዱስ ጳውሎስ ነው። ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች የመጀመሪያውን መልእክት የጻፈው በ55 ዓ.ም. ገደማ (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ሲሆን፣ በምዕራፍ 11 ከቁጥር 17 እስከ 34 ስለ ስብሰባቸው ይናገራል። በዚያን ዘመን ክርስቲያኖች የራሳቸው ሕንፃ ስላልነበራቸው ሰፊ ቤት ባለው ምእመን ዘንድ ይሰበሰቡ ነበር፤ የፍቅሩም ማዕድ ከቍርባኑ ጋር የተያያዘ ነበር። የሮማውያን ቤት የመብል ክፍል በሦስት ጎን መደገፊያ አልጋ የተዘረጋበት፣ በልማዱ ዘጠኝ ሰው ብቻ የሚይዝ ነበር። የቀረው ሰው ከውጭ ወደ ግቢው መውጣት ግድ ይሆንበታል። ባለጠጋው ጊዜው በእጁ ነውና ቀድሞ ይመጣል፤ ባሪያውና የቀን ሠራተኛው ግን ጌታው እስኪያሰናብተው ድረስ ይቆያል። እንዲህም ሆኖ ቀድመው የመጡት የየራሳቸውን እራት ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይሰክራሉም፤ ዘግይቶ የመጣው ባዶ ገበታ ያገኛል።

ሐዋርያው ለዚህ የሰጠው ፍርድ ልብ ሊባል ይገባዋል። «እራታችሁ ጎደሎ ነው» ወይም «በሥርዐት አልተመራም» አላላቸውም፤ በአንድነት ስትሰበሰቡ የምትበሉት የጌታ እራት አይደለም በማለት ስሙን ራሱን ነሣቸው እንጂ። ምግቡ አለ፣ ወይኑ አለ፣ ሰውም አለ፤ ስሙ ግን የለም። መድኃኒቱንም ሲነግራቸው ምግብ ጨምሩ አላለም፣ ቤት አስፉም አላለም። እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ አለ፤ መታገሥ ያቃተው በቤቱ ይብላ አለ። እንግዲህ በጳውሎስ ዘንድ የማዕዱ መለኪያ በመጨረሻ የሚመጣው ሰው ነው።

ይህን ቃል ወደ ኑሯችን እናምጣው። በሆስፒታል ሌሊት የምትሠራ እኅት አለች፤ ታክሲ የሚነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ ወንድም አለ። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት የምታገለግል፣ አሠሪዋ ካልፈቀደላት ከደጅ የማትወጣ እኅት አለች፤ የቆሮንቶስን ባሪያ ኑሮ ከእርስዋ የተሻለ የሚረዳ ያለ አይመስለንም። እነዚህ ወገኖች ሲደርሱ የሚያገኙት ምንድር ነው? የደረቀ እንጀራና የተነሣ ገበታ ነው ወይስ ተከድኖ የቆየ ድርሻ? ሰዓቱን ስንወስንስ የማንን ሰዓት እያሰብን ነው?

በ112 ዓ.ም. ገደማ በቢታንያ፣ በዛሬዪቱ ቱርክ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ አገረ ገዥ የነበረው ፕሊኒዮስ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያኖስ ስለ ክርስቲያኖች በጻፈው ደብዳቤ፣ በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ለጸሎት እንደሚሰበሰቡ፣ ከተበተኑም በኋላ ምግብ ለመብላት ዳግመኛ እንደሚገናኙ፣ ምግቡም ተራ ምግብ እንደ ሆነ ገልጿል። እውነቱን ለማወቅ በሥቃይ የመረመረው «አገልጋዮች» የሚባሉ ሁለት ባሮች ሴቶችን ነበር። በዚያ ስብሰባ ባሪያዪቱ የአገልጋይነት ስም ነበራት። ገዥውን ያስጨነቀው እንዲህ ያለ ማዕድ ነው።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 ደግሞ ሕዝቡ ሕጉ ሲነበብ ሰምቶ ባለቀሰ ጊዜ፣ ቀኑ የተቀደሰ ነውና ሂዱ፣ ብሉ፣ ጠጡ፣ ላልተዘጋጀለትም ድርሻውን ላኩ ተብሏል። ድርሻው የሚላክለት በቦታው የሌለው ሰው ነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበርና በጸበል ጸዲቅ ቀን በራቸው ክፍት ነበር፤ ሰው በደጅ ሲያልፍ «ጸበል ቅመሱ» ተብሎ ይጠራል፣ ነዳያንም ድርሻ አላቸው። በዚህ አገር በሩ ቍልፍ አለው፣ አዳራሹም የሚከፈልበት በሰው ቍጥር ስለ ሆነ አላፊ አግዳሚውን ጥሩ ማለት አይቻለንም። ታሞ ለተኛው አንድ ሰሐን መላክ ግን የሚከለክል ሕግ የለም።

«ማኅበር» የሚለው ቃል «ኀበረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን አንድ መሆንን ያመለክታል። የጽዋ ማኅበር ብዙውን ጊዜ ዐሥራ ሁለት አባላት ኖረውት በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ ወይም በ21 ማርያም፣ ወይም በ27 መድኃኔ ዓለም ከተረኛው ቤት ይሰበሰባል። ካህኑ ይባርካል፣ ዳቦው ይቈረሳል፣ ከጽዋው ይጠጣል፤ በመጨረሻም ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። (የጻድቁ ኢዮብ ልጆችም በየቤታቸው በየተራ ግብዣ ያደርጉ እንደ ነበረ በመጽሐፉ መጀመሪያ ተጽፏልና ተራ መግባት የጥንት ነገር ነው።) በስደት ግን ይህ ሥርዐት አንድ ሕመም አግኝቶታል። በዚህ ወር አንዱ አምስት ዓይነት ወጥ ካቀረበ በሚመጣው ወር ተረኛው ስድስት ያቀርባል፤ ከዚያም ሰባት ይሆናል። በቅርቡ የመጣና የሥራ ፈቃድ ያላገኘ ወንድም ተራው ሲደርስ ያፍራል፤ «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ቀስ በቀስ ይቀራል። ማንም ሂድ አላለውም፤ ሰባተኛው ወጥ ነው ያባረረው።

ጥር 12 ቀን በምናስበው በቃና ዘገሊላ ሠርግ የወይን ጠጅ ያለቀበት ሙሽራ በእንግዶቹ ፊት አላፈረም። እመቤታችን ጎደሎውን ቀድማ አይታ ለልጅዋ ነገረችው፤ ስድስቱ የድንጋይ ጋኖች ውኃ ተሞሉ። አሳዳሪው የቀመሰው ወይን ከወዴት እንደ መጣ ስላላወቀ ሙሽራውን አመሰገነ፤ የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር። የማኅበር ሙሴዎችም ዳቦ፣ ጽዋና አንድ ወጥ ብቻ ይቅረብ ብለው በጽሑፍ ቢደነግጉ፣ የጎደለበትንም ተረኛ ማኅበርተኛው ሳይነገርበት ቢሞላለት፣ የቀሩት የሚመለሱ ይመስለናል። ልጆቹን ምድር ቤት ከቴሌቪዥን ጋር ማስቀመጡም ቢቀር መልካም ነው፤ ጽዋው ሲዞር አይተው የማያውቁ ልጆች ነገ ጽዋውን ከማን እጅ ይቀበላሉ?

ተቀይሞ የቀረም ሰው አለ። ስለ አስተዳደር፣ ስለ ወንበር፣ ስለ አገር ፖለቲካ የተለያየን ብዙ ነን፤ በአንድ ከተማ ሁለት ደብር የሆንንበትም ምክንያት ይኸው ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የሰባው ፍሪዳ ታርዷል፣ የዘፈኑም ድምፅ ወደ ቤቱ ለሚቀርብ ይሰማል፤ ታላቁ ልጅ ግን ተቈጥቶ ከደጅ ቆሟል። አባቱ እንግዶቹን ትቶ ወደ እርሱ ወጣ፤ ለመነውም። ታላቁ ልጅ ይግባ አይግባ ወንጌሉ አልነገረንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።