ዓሣ የሚወጣበት ውሃ

የጣና ላቤኦባርበስ ዓሦች ብዙዎቹ ከሐይቁ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነርሱ የተወሰኑት ክረምት ሲሆን ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ለመስኖ የተሠራ የወንዝ ጠለፋ ግድብ መንገዱን ከዘጋባቸው የዚያ ዓመት ዘር ይቀራል። መተላለፊያ የምንሠራላቸው ለዚህ ነው፤ ስሌቱም ከዓሣው ጉልበት ይጀምራል፣ የግድቡ ቁመት ኋላ ይመጣል።

ዓሣ ሳይደክም ረጅም ሰዓት የሚዋኝበት ፍጥነት አለው። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ኃይሉን አሟጦ የሚወረወርበትም አለ፤ ይህኛው በግምት በሰከንድ የሰውነቱን ርዝመት 10 እጥፍ ያህላል። 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ እንግዲህ በሰከንድ 2.5 ሜትር ቢወረወር ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። መተላለፊያው በደረጃ የተሰደሩ ገንዳዎች ናቸው። በሁለት ገንዳዎች መካከል የውሃው ከፍታ ልዩነት 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.4 ሜትር ይደርሳል፤ ዓሣችን በጭንቅ ቢያልፍ ነው። ልዩነቱን ወደ 15 ብናወርደው ፍጥነቱ 1.7 ይሆናል። በግማሽ አለመውረዱን ልብ በሉ፤ ፍጥነት የሚከተለው የከፍታውን ስኩዌር ሩት ነው። ስለዚህ 3 ሜትር ለመውጣት 20 ደረጃ ያስፈልጋል። ወጪ ለመቆጠብ ደረጃ መቀነስ መተላለፊያውን ከንቱ ያደርገዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ገንዳው ራሱ ነው። የወረደው ውሃ ጉልበቱን እዚያ መጨረስ አለበት፤ አለዚያ ዓሣው ማረፊያ አያገኝም። በሰከንድ 280 ሊትር በ15 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ 412 ዋት ያህል ይለቃል። ለደካማ ዋናተኞች በሜትር ኩብ ከ150 ዋት ባይበልጥ ይመረጣልና ገንዳው ቢያንስ 2.75 ሜትር ኩብ ውሃ ይያዝ።

ክረምት ላይ የወንዙ ከፍታ ይዋዥቃል። ለዚህ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ክፍተት ያለው ገንዳ ይሻላል፤ ዓሣው በፈለገው ጥልቀት ያልፋል። በካናዳ ፍሬዘር ወንዝ፣ ሄልስ ጌት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 የደረሰው የድንጋይ ናዳ የሳልሞንን መንገድ ካወከ በኋላ በ1940ዎቹ የተሠራው ይህ ዓይነት ነው።

መግቢያው ግን ዓሣው በሚቆምበት በግድቡ እግር አጠገብ ይሁን፤ ከዚያ የሚወጣው ውሃም በሌላው ፏፏቴ ሳይዋጥ ተለይቶ የሚሰማ ይሁን። ዓሣ የሚሄደው ጅረቱን ተከትሎ ነውና ከግድቡ ርቆ የተከፈተን በር አያገኘውም። ጫጩቶቹ ወደ ሐይቁ ሲመለሱ ወደ እርሻ እንዳይገቡም የመስኖው ቦይ አፍ ላይ ጠባብ ወንፊት ይደረግ።