የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ምዝገባ ለባሌ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

የሮቤንና የጎባን ኑሮ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዚያ ደጋ አገር ስንዴው ወደ ገበያ፣ ሰውም ወደ ዘመዱና ወደ ትምህርቱ የሚደርሰው በመኪና ነው፤ ባቡር የለም። ስለዚህ የማመላለሻ ሕግ የባለ መኪናው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሆኖም ብዙዎቻችን ምዝገባን መንግሥት ገንዘብ የሚሰበስብበት ዘዴ አድርገን እንቆጥረዋለን። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ምዝገባ ከሁሉ በፊት ለተጓዡና ለአስጫኙ ዋስትና መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ሀ) ሥልጣኑ የማን ነው?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን፣ በንዑስ አንቀጽ 12 ደግሞ በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። እንግዲህ ከሮቤ ጎባ የሚመላለሰው ሚኒባስ ከኦሮሚያ ስለማይወጣ ተቆጣጣሪው ክልሉ ነው። በዲንሾ፣ በአዳባና በዶዶላ አድርጎ ሻሸመኔ የሚደርሰውም እንዲሁ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ሐዋሳ ሲገባ ግን ሲዳማ ክልል ደርሷልና ጉዞው የፌዴራል ጉዳይ ይሆናል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የሞተር ማመላለሻ ሕግ ከስቴት ወደ ስቴት የሚሻገረውን በፌዴራል ኮሚሽን ሥር አድርጎ፣ በስቴቱ ውስጥ የሚቀረውን ለስቴቱ ትቶ ነበር።

በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 468/1997 መሠረት ይህን ሥራ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ይመራው ነበር፤ ከአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወዲህ ሥራው ወደ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ተዛውሯል።

ለ) የሚጠየቀው ምንድን ነው?

የሚጠየቀው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ስለ መኪናው ነው። አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና ሳይመዘገብ በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ያዛል። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከባለቤቱ ስም ጋር በሊብሬው ይሰፍራል፤ ታርጋ ይሰጠዋል፤ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍበታል። ሁለተኛው ስለ ንግዱ ነው። ሊብሬ ያለው ሁሉ አጓጓዥ ነጋዴ አይደለምና የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ኢንሹራንስ ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና እንዳይነዳ ይከለክላል፤ ገጭቶ ባመለጠና ባልታወቀ መኪና ለተጎዳ ሰውም ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለው።

ሐ) ጥቅሙ የሚታየው መቼ ነው?

አንድ የሲናና ገበሬ ስንዴውን በቃል ስምምነት ብቻ አስጭኖ ሸኘ እንበል። ግማሹ ጆንያ ሳይደርስ ቢቀር ማንን ይከሳል? ሾፌሩ «እኔ ተቀጣሪ ነኝ» ይላል፤ ባለ መኪናው «አላውቅም» ይላል። በየብስ ስለሚደረግ የዕቃ ማጓጓዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበ እስኪያስረክብ ድረስ ለሚደርሰው ጥፋትና ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። ነገር ግን ይህን መብት ለማስከበር በመጀመሪያ አጓጓዡ ማን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ታርጋው ወደ ሊብሬው፣ ሊብሬው ወደ ባለቤቱ፣ የጭነት ሰነዱም ወደ ውሉ ይመራል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሕጉ በወረቀት ይቀራል።

በሌላ ወገን የባለ መኪናውንም ችግር መመልከት ተገቢ ነው። አንድ መኪና ብቻ ያለው የጎባ ሰው ለአንድ ማኅተም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ቢኖርበት፣ የብዙ ቀን ገቢውን አጥቶ ሕግን ቢሸሽ አያስደንቅም። ስለዚህ የፌዴራል ሥልጣን ማለት ሁሉ ነገር በዋና ከተማ ይፈጸም ማለት መሆን የለበትም። መመዘኛው በአገር ደረጃ አንድ ይሁን፤ አገልግሎቱ ግን በሮቤ ይሰጥ።

ወንድሞችና እኅቶች! «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» ይባላል። የማይጠይቅ ተሳፋሪና የማይጠይቅ አስጫኝ አያያዛቸው የላላ ነው። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ የመኪናውን ቦሎ እንይ፣ ትኬታችንን እንቀበል፣ ታርጋውን እንያዝ፤ ለአባቶቻችንም ያለ ጭነት ሰነድ አንድ ጆንያ እንዳይሰጡ እናስረዳ። የተማርነው ሕግ ፍሬ የሚያፈራው በመናኸሪያው ነውና።